ከመሪው አጠገብ ያለው ጨርቅ

(ለሾፌሮች፣ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶችና ጋራዥ ለሚሠሩ ወጣቶች በተዘጋጀ የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ጅማ የተናገርኩት ነው። አንዳንድ ድግግሞሽ ቀንሻለሁ፤ የቀረው እንዳለ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! አካም ኦልታን! አሰላሙ አለይኩም!

ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፄን ከዋጠው እጃችሁን አውጡልኝ፤ እጮሃለሁ። 27 ዓመት ጋራዥ ውስጥ የኖረ ሰው መጮህ አይቸግረውም።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ። መኪናችሁ ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ፣ የመስታወት መጥረጊያ ጨርቅ ያላችሁ እስቲ እጅ አውጡ። አውጡ፣ አትፈሩ፣ ትራፊክ የለም። ይኸው! ከግማሽ በላይ ናችሁ። አባቴ፣ እርስዎ ሁለት እጅ ነው ያወጡት፤ ሁለት ጨርቅ ነው ያለዎት ማለት ነው? እሺ። እንግዲህ ዛሬ የማወራው ስለዚያ ጨርቅ ነው። ያ ጨርቅ መኪናችሁ ውስጥ የሆነ ነገር መሞቱን የሚናገር ምስክር ነው።

ሰው ሁሉ «ኤሲ ቅንጦት ነው፤ ጅማ ደግሞ ሙቀት የለባትም» ይለኛል። ልክ ነው፣ ጅማ ጅቡቲ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው የተቀመጥነው። ግን ጅማ ምን አላት? ዝናብ አላት! ክረምቱ ሳይገባ ይዘንባል፣ ክረምቱ ወጣ ሲባልም ይዘንባል። እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ ጃንጥላ፣ አምስት ሰው የሚተነፍስበት አንድ ትንሽ ኮሮላ። ዶልፊን የምትነዱት ደግሞ ስንት ሰው እንደምትጭኑ አልናገርም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ የት ይሄዳል? ቀዝቃዛው መስታወት ላይ አርፎ ውሃ ይሆናል። ጭጋግ የምንለው እሱን ነው።

መኪናው ይህን የሚያሸንፍበት ሦስት ነገር ተሰጥቶታል። የሚነፍስ፣ የሚያሞቅ፣ የሚያደርቅ። ንግግሬም ሦስት ክፍል አለው፤ ንፋስ፣ ሙቀት፣ ማድረቅ። ሦስተኛውን ልብ በሉ፤ ማቀዝቀዝ አላልኩም። ኤሲ ማድረቂያ ነው። ደግሜ ልበለው፤ ኤሲ ማድረቂያ ነው! አየሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ፣ ኢቫፖሬተር በሚባለው፣ ላይ ሲያልፍ እርጥበቱን እዚያ ያራግፋል፤ ውሃው በትንሽ ቱቦ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ያው አየር በማሞቂያው በኩል አልፎ ሞቆ ይወጣል። ደረቅና ሙቅ አየር መስታወቱን በጥቂት ደቂቃ ያጠራዋል። ስለዚህ ዝናብ ላይ ኤሲና ማሞቂያ አንድ ላይ ይከፈታሉ። እብደት የሚመስላችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ዛሬ ማታ ሞክሩት።

ወደ ክፍሎቹ ሳልገባ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የራሴ ውርደት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ ነው። አማቴ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ። ወልቂጤን አለፍን፣ ወደ ጊቤ ወረድን። የጊቤን በረሃ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ነው የሚታለፈው። ድልድዩን ተሻግረን ወደ አበልቲ ዳገቱን ስንጀምር ዝናቡ መጣ። መስኮት ዘጋን። በአንድ ጊዜ መስታወቱ ነጭ ሆነ። ማራገቢያውን ብከፍት ዝም። ለምን ዝም? የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሬዚስተር ከተቃጠለ አራት ወር ሆኖታል፤ «ነገ እቀይረዋለሁ» እያልኩ አራት ወር! በኋላ ደግሞ ቀርቶ የነበረው የመጨረሻው ፍጥነትም ሄደ። እናም ያ ጨርቅ ወጣ። ስጠርገው ለአፍታ ይጠራል፣ ከፊት መብራት ሲመጣ ግን መስታወቱ ሁሉ ሽንትርትር ብሎ ያንጸባርቃል። አንድ አይሱዙ ሲመጣ ያየሁት አጠገቤ ከደረሰ በኋላ ነው። ዳር ይዤ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። አማቴ ቀስ ብለው ዞር አሉና «የሰው መኪና ትሠራለህ ይሉኛል፤ የአንተን ማን ነው የሚሠራልህ?» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? እስከ ጅማ አልተነጋገርንም።

እሺ፤ አንደኛ፣ ንፋስ።

ማራገቢያችሁ በ1፣ በ2፣ በ3 አይሠራም፤ በ4 ብቻ ይጮሃል። ስንቶቻችሁ እንዲህ ያለ መኪና አላችሁ? ብዙ! የማራገቢያው ሞተር ተበላሸ ብላችሁ ሞተር እንዳትገዙ። የተቃጠለው ሬዚስተሩ ነው። በ4 ላይ መብራቱ ሬዚስተሩን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ ለዚያ ነው 4 የሚተርፈው። ሬዚስተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ተሳፋሪው እግር በላይ፣ ማራገቢያው አጠገብ፣ በሁለት ብሎን ታስሮ ይገኛል። አንድ ካቻቪቴና አሥር ደቂቃ ነው። ጎንበስ ማለቱ ነው የሚከብደው።

ግን የተቃጠለውን አውጥታችሁ አዲስ ከመክተታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለምን ተቃጠለ? ይህን ካልጠየቃችሁ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። ሬዚስተሩ የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚነፋው ንፋስ ነው። የማራገቢያው ቡሽ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ደርቆ ሞተሩ እየጎተተ ከሆነ፣ ሞተሩ ብዙ መብራት ይስባል፣ ንፋሱም ይቀንሳል። መንታ ቅጣት ነው። ፊልተሩ በአቧራ ከታፈነም ንፋሱ ይቀንሳል። ስለ ፊልተር ብዙ አልልም፤ ያለው መኪና ያጽዳ፣ ይቀይር፤ ብዙ አሮጌ መኪና ደግሞ ከነጭራሹ የለውም።

ሬዚስተሩ ላይ በሙቀት የምትቀልጥ ትንሽ ፊውዝ አለች። እሷን በሽቦ ማገናኘት የሚሞክሩ አሉ። ማን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁና! ረዳት ሳለሁ፣ የአንድ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ መኪና መጣ። ቀጭን ሽቦ በስታኞ በየድኩና «አለቀ ጋሼ» አልኳቸው። ኮራሁ። ከመርካቶ ሳይወጡ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። የፕላስቲኩ ሳጥን ቀልጦ ነበር። ሮጬ ስደርስ ጋሼ ከመኪናው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ምን አሉ መሰላችሁ? «ልጄ፣ አሙቅልኝ ነው ያልኩህ፤ ጥበስልኝ አላልኩም።»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም። እባካችሁ ወጣቶች፣ ያቺን ፊውዝ በሽቦ አትለፏት። እባካችሁ!

ሞተሩ ራሱስ? ጭራሽ ካልዞረ አውጡትና በእጃችሁ አዙሩት። ከከበደ ቡሹን አጽዱ፣ ጠብታ ዘይት ስጡት፤ ጠብታ ነው ያልኩት፣ መብራቱን ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፈው ካርቦን ላይ ዘይት ከፈሰሰ ሌላ ጣጣ ነው። በቀላሉ እየዞረ መብራት ሲሰጡት ዝም ካለ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል። ካርቦን ለብቻው ይቀየራል፤ ልክ የሆነው ከጠፋ ወፈር ያለውን በአሸዋ ወረቀት ሞርዶ ማስገባት ይቻላል። ሲከፈት ደግሞ አትደንግጡ፤ ጅማ ነው፣ ከዛፍ ሥር ነው የምናቆመው። እኔ ከአንድ ማራገቢያ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ከነልጆቿ አውጥቻለሁ። ባለቤቱ «ለካ ሌሊት የሚንጫጫው እሱ ነው!» አለኝ።

ንፋሱ ይወጣል ግን ወደ መስታወቱ አይሄድም የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ዳሽቦርዱ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ። አንደኛው ንፋሱን ወደ እግር ወይ ወደ መስታወት ይመራል፣ አንደኛው ሙቁንና ቀዝቃዛውን ያደባልቃል፣ አንደኛው ከውጭ አየር ያስገባል ወይ ይዘጋል። በአሮጌ መኪና እነዚህ በሮች የሚሳቡት ብዙ ጊዜ በካቦ ነው። ካቦው አይበጠስም፤ የሚሰበረው ካቦውን የያዘችው የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። ፕላስቲክ ሲያረጅ እንደ ደረቅ እንጨት ነው፤ ስትነኩት ቀጭ ይላል። ዳሽቦርድ ስትፈቱ በብርድ ጠዋት አትጀምሩ፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆይቶ ፕላስቲኩ ይለስልስ። የተሰበረችውን ቁራጭ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ይቻላል፤ ይህ ሽቦ መብራት አያልፍበትም፣ ስለዚህ ይህን ፈቅጃለሁ።

ከቀዳዳው ጥቁር ብናኝ እየወጣ ልብሳችሁ ላይ የሚያርፍም አለ። ሞተር እየተበላሸ አይደለም። በሮቹ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ በስብሶ ነው። ስፖንጁ ሲያልቅ በሩ ቢዘጋም ንፋሱ በጎኑ ያመልጣል፤ ሙቁ ከቀዝቃዛው ይቀላቀላል። አሮጌውን ልጦ፣ አጽድቶ፣ ስስ ስፖንጅ ወይም ቁራጭ ስስ ቆዳ በማስቲሽ መለጠፍ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከፈታችሁ ሁሉንም በር ጨርሱ።

አደራ የምለው ደግሞ ያቺ የውጭ አየር በር! አቧራ ሽሽት በበጋ ትዘጓታላችሁ፤ በክረምትም እንደተዘጋች ትቀራለች። የራሳችሁን ትንፋሽ መልሳችሁ ትተነፍሳላችሁ፣ መስታወቱም ይነጣል። ከመካኒክ በፊት እሷን ክፈቱ። በነጻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙቀት።

ማሞቂያው ከየት ነው ሙቀት የሚያገኘው? ከሞተሩ ውሃ። ዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ ትንሽ ራዲያተር አለች፤ የሞተሩ ሙቅ ውሃ በሁለት ጎማ ቱቦ ይገባል ይወጣል። ታዲያ ሞተሩ ካልሞቀ እሷ ከየት ታምጣ?

እዚህ ላይ ጠብ ላነሳ ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ ቴርሞስታት የተነቀለበት መኪና ያላችሁ? አታውቁም። ሳይነገራችሁ ነው የተነቀለው! መኪና ሞቀ ሲባል ብዙ ቦታ የመጀመሪያው መድኃኒት ቴርሞስታት መንቀል ነው። «ለአገራችን አያስፈልግም፣ የፈረንጅ ነው» ይባላል። ወንድሞቼ፣ ቴርሞስታት የሞተሩ በረኛ ነው። ውሃው 80 ዲግሪን እስኪያልፍ በሩን ዘግቶ ሞተሩን ቶሎ ያሞቃል፣ ከዚያ ይከፍታል። ሲነቀል፣ ጠዋት በቅዝቃዜ ስትነዱ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ይሰጣችኋል። «ማሞቂያዬ ሞተ» ብሎ ከመጣው ስንቱን ቴርሞስታት መልሼ ብቻ እንደሸኘሁት! የሚጠረጠር ከሆነ አውጥታችሁ በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ እሳት ላይ ጣዱት፤ ውሃው ሳይፈላ ከተከፈተ ደህና ነው። እዚህ ጅማ ውሃ የሚፈላው በ100 አይደለም፤ ከፍታችን ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለዚህም ነው የራዲያተር ክዳን የሚከበረው፤ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ ነው። ላስቲኩ የተበላ ክዳን፣ በተለይ ለደጋ ሰው፣ ክዳን አይደለም።

የቧንቧ ውሃ ስንጨምር ኖረን ያቺ ትንሽ ራዲያተር በዝገትና በደለል ትደፈናለች። ሞተሩ ሞቆ ሁለቱን ቱቦ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይ ተደፍናለች ወይ የውሃው መክፈቻ አልተከፈተም። ከተደፈነች፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦዎቹን ፈትታችሁ በመውጫው በኩል ውሃ ስደዱባት፤ ደለሉ በመጣበት ይመለሳል። ጉልበት ያለው ውሃ ግን አይሁን፣ ያረጀች ናት፣ ትፈነዳለች። ከዚያ በኋላ ኩላንት፣ ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ፣ ሙሉ። ኩላንት ውድ ነው ትሉኛላችሁ፤ ዳሽቦርድ ማውረድስ?

ምንጣፉ ሥር ውሃ ሲገኝ ሁሉም «ራዲያተሯ ፈሰሰች» ይላል። ቆዩ! በጣታችሁ ንኩት። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኤሲው ውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኖ ነው፤ በጭቃ ወይ በቅጠል። ከመኪናው ሥር ገብታችሁ በለስላሳ ሽቦ መክፈት ነው። የሚያሙለጨልጭ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት፣ መስታወቱ ላይም ቅባት የሚመስል ነገር የሚተው ከሆነ ግን ኩላንት ነው፤ እሱ በእርግጥ ትንሿ ራዲያተር ናት። ኩላንት መርዝ ነው፤ ልጅና ውሻ እንዳይቀምሰው። ብዙዎች ሁለቱን ቱቦ አገናኝተው ራዲያተሯን ያልፏታል። መንገድ ላይ ለመድረስ ከሆነ አልቃወምም። ግን «ለመድረስ» የተደረገው ስድስት ዓመት ሲቆይ አይቻለሁ። ስድስት ክረምት በጨርቅ!

ሦስተኛ፣ ማድረቅ። ዝናቡም ቀነሰ መሰለኝ።

አንዲት እህታችን፣ ነርስ ናት፣ «ኮምፕሬሰርሽ ሞቷል፣ ይቀየር» ተብላ መጣች። ኮምፕሬሰር የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ነው። የተነገራት ዋጋ የስንት ወር ደሞዟ ነው። ኤሲው ጠዋት ይሠራል፣ ሞተሩ ሲግል ያቆማል። ይህን ልብ በሉ፤ የሞተ ነገር ጠዋት አይነሳም! ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ክላች በማግኔት ነው የሚይዘው። በሁለቱ ብረት መካከል ያለው ክፍተት በብዙ መኪና ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ብረቱ በዓመታት ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የማግኔቱ የሽቦ ጥቅል ሲግል ደግሞ ማግኔቱ ይደክማል፣ ብረቱን መሳብ ያቅተዋል። ምን አደረግሁ? የመሐሉን ብሎን ፈታሁ፣ ከውስጥ ክፍተቱን የምታሰፋ አንዲት ስስ ሮንዴላ አወጣሁ፣ መልሼ አሰርኩ። ጋዙም አልተነካ። ሮንዴላዋን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ አለች አሉ።

ስለ ጋዝ። በየዓመቱ ጋዝ የምትሞሉ ሰዎች፣ ጋዝ እንደ ነዳጅ አይበላም! ዝግ ነው። ከጎደለ ፈስሷል። ከፈሰሰ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳታገኙ መሙላት በተቀደደ ከረጢት ቡና መስፈር ነው። መገጣጠሚያው ላይ ቅባት ከታየ እዚያ ነው፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል። የሳሙና አረፋም ያሳያል። ብዙ ጊዜ የደረቀች ኦሪንግ፣ ክብ የላስቲክ ማሸጊያ፣ ናት። ስትቀይሩ ለኤሲ የተሠራችውን ግዙ፤ የውሃ ቧንቧ ኦሪንግ አትቆይም።

መስመሩ ከተከፈተ ማድረቂያዋ፣ ያቺ ጠርሙስ የምትመስለው፣ ትቀየር። በውስጧ እርጥበት የሚጠጣ ነገር አለ፤ ለጅማ አየር ክፍት ከተተወች ጠጥታ ትጠግባለች። ከዚያ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል፣ ውስጥ የቀረው እርጥበት በዚያ ተንኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ወጣቶች ይጨነቃሉ። የፋብሪካው መጽሐፍ የመምጠጡን ልክ «29 ኢንች ድረስ» ይላል፤ የእኛ ጌጅ 24 ላይ ይቆማል። «ፓምፑ ሰንፏል» ብሎ አዲስ የገዛ አውቃለሁ። አልሰነፈም! መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ፓምፑ ሁሉን ቢመጥም ጌጁ የሚያሳየው 24 ገደማ ነው። 24 ላይ ደርሶ፣ ፓምፑ ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ካልወረደ እልል በሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ መኪና ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የድሮው ጋዝ 12 የሚባለው ነው። የሰማዩን ኦዞን ስለሚበላ በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከገበያ ወጥቷል። እሱን የተካው 134 ነው። ዘይታቸውም ይለያያል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ አንዱን በሌላው ላይ መሙላት የለም፤ ዘይቱ፣ ኦሪንጉና ማድረቂያዋ አብረው ይቀየራሉ። የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉም አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ይቀዘቅዛል፣ አልክድም። ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው ጉልበታችሁ አጠገብ ነው፤ ቢፈስ የሚገባው እናንተ ወዳላችሁበት ነው። ሲጋራ የሚለኩስ ተሳፋሪ የለም?

ዕቃ ከየት እንግዛ ለምትሉ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የወለቀ የማራገቢያ ሞተር፣ መቆጣጠሪያ፣ የፕላስቲክ ሳጥን ብትገዙ አልነቅፋችሁም፤ ባትሪ አስነክታችሁ ሲዞር አይታችሁ ግዙ። ጎማ ቱቦ፣ ኦሪንግ፣ ማድረቂያና ቴርሞስታት ግን አሮጌ አይገዛም።

በቃኝ፤ አፌም ደረቀ። ጋላቶማ! መኪናዬን ደጅ ከዛፉ ሥር አቁሜያታለሁ፤ ሬዚስተሩን አውጥቼ አሳያችኋለሁ፣ ነርሷ እህታችንም ሮንዴላዋን ይዛ መጥታለች። አባቴ፣ ሁለት ጨርቅ ያለዎት፣ የእርስዎን መኪና አስቀድመን እንከፍታለን። ግን በመጀመሪያ ያ መውጫውን ዘግቶ የቆመው ነጭ ዶልፊን የማን ነው?